ጎኑ ሳይስተካከል ጎታቹን አትፍታ

ማክሰኞ ከሰዓት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወዳለው አዲሱ ቦታችን ደረስን። በውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ቡድናችን ውስጥ የመኝታውን ተሳቢ የምጎትተው እኔ ነኝ። ስምንት አልጋ፣ ማድ ቤትና የጋዝ ፍሪጅ ያለው፣ ጎማ ላይ የቆመ ቤት ነው። ገና ሞተር ሳላጠፋ አዲሱ ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ተሳቢውን ከጎታቹ መኪና ጋር የሚያያይዘውን የመቆለፊያ እጀታ ያዘና "ጋሼ፣ ልሳበው?" አለኝ። ጮኬ አስቆምኩት። ልጁ ደነገጠ። ለምን እንደጮህኩ ማታ አስረዳሁት፤ እዚህም ልጽፈው ፈለግሁ።

የኛ ተሳቢ ፊቱ የሚተኛው ጎታቹ መኪና ጀርባ ላይ ባለው፣ ግራሶ በጠጣው ክብ ሳህን ላይ ነው። ከሆዱ የወጣች 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ፒን ሳህኑ መሃል ገብታ ትቆለፋለች። ጎታቹ ሲወጣ የፊቱ ክብደት በሙሉ ሁለት እግሮች ላይ ይወድቃል። እግሮቹ በአንድ ዘንግ ተያይዘው በአንድ እጀታ ነው የሚዞሩት፤ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይነሣሉ። እንግዲህ በነሱ ፊቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል እንጂ ቀኝና ግራውን ማስተካከል አይቻልም።

2010 ዓ.ም. በበልጉ እኔ ረዳት ነበርኩ። ሾፌራችን ታመው ደሴ ሐኪም ቤት ስለሄዱ ተሳቢውን የማቆሙ ሥራ በኔ ላይ ወደቀ። ቦታው ዋልካ ነበር፤ ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይመስላል። ጎታቹን ፈታሁ፣ ነዳሁት፣ ከዚያ በኋላ ነው ውሃ ልክ ያስቀመጥኩት። ቀኙ ሰባት ሴንቲ ዝቅ ብሏል። በክሪክ ቀኙን ጥግ ይዤ አነሣሁት፣ ድንጋይ ወተፍኩበት፣ በቃ አልኩ። የማድ ቤቱ በር ሲዘጋ መፋቅ እንደጀመረ ሰምቻለሁ፤ ግን የሻሲው፣ ማለትም ቤቱ የተቀመጠበት የብረት አጽም፣ መጠምዘዝ መሆኑ አልገባኝም።

ሌሊት ዘነበ። ያነቃን የስኒ ድምፅ ነው። ምግብ የምትሠራልን እናት ረከቦቷን ወለሉ ላይ ትታው ስለነበር ስኒዎቹ እየተንሸራተቱ ይጋጫሉ። ብድግ ስል ወለሉ ወደ ቀኝ ጎትቶኝ ግድግዳ ያዝኩ። በሩ ተነክሶ አልከፈት አለ፤ ስምንት ሰው በመስኮት ወጣን። በባትሪ ሳይ ቀኙ እግር አንድ ስንዝር ዋልካው ውስጥ ገብቷል፣ ድንጋዩም ፈንቅሎ ወጥቷል። ያን ሌሊት ማንም ሳይጎዳ መቅረቱን ሳስብ ዛሬም አላህን አመሰግናለሁ።

ሾፌሩ በማግሥቱ በሚኒባስ ሐረጎን ወርደው መጡ። አልተቆጡኝም። አንድ ስኒ አንሥተው እስከ አፉ ውሃ ሞሉና ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ውሃው በአንድ በኩል ፈሰሰ። "ይኸን ጎታቹ ሳይፈታ ብታየው ኖሮ፣ ሁለት ሳንቃ ይበቃው ነበር" አሉኝ። "አያ፣ አንቱ ባይታመሙ..." ብዬ ስጀምር "ዝም ብለህ ሳንቃ አምጣ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ስናነሣው ዋልን።

ፍሪጁ ግን ተበላሸ። የጋዝ ፍሪጅ ውስጥ አሞኒያው የሚዞረው በራሱ ክብደት ቁልቁል እየወረደ ነው፤ ቤቱ ካዘመመ ፈሳሹ መንገድ ላይ ይተኛና ማብረዱ ይቀራል። የሳምንቱ ሥጋ ሄደ።

አሁን የማደርገው ይኸው ነው። መጀመሪያ ወርጄ መሬቱን በእግሬ እዞረዋለሁ። የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ካየሁ፣ ጠጠር ያለበት ካለ ሃምሳ ሜትርም ቢሆን እርቃለሁ። ከዚያ ጎታቹ እንደተያያዘ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በሞላው ቀጭን ቱቦ ከቀኝ ወደ ግራ እለካለሁ። አጭሩ ውሃ ልክ ለሁለት ሜትር ተኩል ወርድ አያስተማምነኝም። በዝቅተኛው ጎን ካሉት ጎማዎች ፊት ሳንቃ አነጥፌ እነዳበታለሁ። ጥንዶቹ ጎማዎች ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ሳንቃው ላይ መውጣት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከወጣ የሁለቱን ሸክም ለብቻው ይሸከማል። ድንጋይ አልጠቀምም። ይፈነቀላል፤ ሰው ሲነሣ ደግሞ መንገድ ላይ ትቶት ይሄዳል፣ ማታ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ልጅ ይወጣበታል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በእንጨት እደግፋለሁ። ፍሬኑ ይይዛል ብዬ አልተወውም። ቀጥሎ እግሮቹ። አንዱ እግር 4 ቶን ተሸከመ እንበል፤ መርገጫው 25 በ25 ሴንቲ ከሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ከ6 ኪሎ በላይ ይጫናል። ስሩ 60 በ60 የሆነ ወፍራም ሳንቃ ስታደርግ ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ዋልካ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የባህር ዛፍ ሳንቃ ስለሚሰነጠቅ ሁለት ድርብ አድርጌ፣ የላዩን ከታቹ አቋርጬ ነው የማነጥፈው።

እግሮቹ መሬት ከነኩ በኋላ ሳህኑ ላይ ያለው ጫና እስኪቀል ጥቂት ዙር እጨምራለሁ። የአየር ቱቦውንና የመብራቱን ገመድ እፈታለሁ፣ የመቆለፊያው እጀታ ይሳባል፣ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ወደፊት እነዳና እቆማለሁ። እግር ቢከዳ የጎታቹ ሻሲ ገና ከስሩ ስላለ ይቀበለዋል። ጸንቶ ከቆመ እወጣለሁ፤ ፊትና ኋላውን ያኔ በእግሮቹ እጀታ አስተካክላለሁ። የጥግ ድጋፎቹን በመጨረሻ በእጅ ብቻ አጠብቃለሁ፤ ሰው ሲራመድ እንዳይወዛወዝ ናቸው እንጂ ቤቱን ለማንሣት አልተሠሩም።

ማክሰኞ ልጁ የውሃውን ቱቦ ጫፍ ይዞ "አራት ሴንቲ፣ በግራ" አለኝ። አንድ ሳንቃ አነጠፍን። ቡናው ሲፈላ ስኒ ሙሉ ውሃ ወለሉ ላይ አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ አየው። ዛሬ ጠዋት ካፊያ ነበር፤ ፊቱ ግማሽ ሴንቲ ወርዷል፣ እሱ የእግሮቹን እጀታ ይዞ እየጠበቀኝ ነው።