ሰው ለመሆን 2 ዓመት ይበቃኛል ብዬ ነበር

ሰላም ናችሁ ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው ሃያ ምናምን ላይ ሆናችሁ "ጊዜው አመለጠኝ፣ እኩዮቼ ጥለውኝ ሄዱ" እያላችሁ እንቅልፍ ላጣችሁ ነው። ትናንት ማታ ውሃ ተራችን ደርሶ እኔና የጎረቤቴ ልጅ ጄሪካን እየሞላን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን "እህትዬ 22 ሞላኝ እኮ፣ ምንም አልሆንኩም" ስትለኝ ሆዴ ተላወሰ። ፓስፖርት አውጥታለች፣ ደላላም አናግራለች።

እኔም እንደሷ ነበርኩ። በ2005 መጨረሻ በ19 ዓመቴ ቤይሩት ስሄድ ሂሳቤ ቀላል ነበር፣ 2 ዓመት ኮንትራት ከዛ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ በቃ። 2ቱ ዓመት 7 ሆነ። እዛ ከፋላ የሚሉት ነገር አለ፣ መኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እሷ ካልፈቀደች ቤት እንኳን መቀየር አትችይም፣ የኔ ፓስፖርት ደግሞ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። ስንት ሰዓት እንደምነሳ፣ ምን እንደምለብስ፣ እሁድ ልውጣ አልውጣ የምትወስነው እሷ ናት። ፍሪጁ ላይ በማግኔት የምትለጥፋት ወረቀት ነበረች፣ መጀመሪያ አካባቢ ዓረብኛ ማንበብ ስለማልችል በእስክርቢቶ ትሥልልኛለች፣ 3 ቲማቲም ከሣለች ታች ካለው ዱካን 3 ቲማቲም ይዤ እወጣለሁ። ፊደሉን ከለመድኩ በኋላም ወረቀቷ አልቀረችም።

2012 ላይ ሊራው ወደቀ። 1 ዶላር ከሃያ ዓመት በላይ በ1,500 ሊራ አካባቢ ሲመነዘር የኖረበት አገር ዶላር ጠፋ፣ የኔም ደመወዝ ቆመ፣ ሐምሌ 28 ወደቡ ሲፈነዳ ደግሞ የሳሎኑ መስታወት በሙሉ ረገፈ። 2013 ሲገባ በአንድ ሻንጣ ቱሉ ዲምቱ እህቴ ቤት ገባሁ።

አሁን ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ እህቴ 500 ብር ሰጥታኝ "ገበያ ሂጂና ለቤት የሚሆን ነገር ገዝተሽ ነይ" አለችኝ። ምን ልግዛ ስላት "የታየሽን" አለች። ገበያው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ነው፣ ሴቶቹ ሸራ አንጥፈው ቲማቲሙን ሽንኩርቱን ድንቹን በመደብ በመደብ ደርድረዋል፣ እኔ ብሩን ጨብጬ አንዷ ፊት ቆምኩ፣ "ስንት ላርግልሽ የኔ ቆንጆ?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። ሙሉ ሰው፣ 7 ዓመት ባሕር ማዶ የኖረች ሴት፣ ቲማቲም ስንት እንደምትፈልግ አታውቅም! ባዶ እጄን ተመልሼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። እጄ በበረኪና አርጅቷል፣ ውስጤ ግን ያቺው 19 ዓመቷ ልጅ ናት ምክንያቱም በነዛ ዓመታት አንድም ነገር ራሴ ወስኜ፣ ተሳስቼ፣ አርሜ አላውቅም።

እህቴ እግዜር ይስጣት አልተቆጣችኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያንኑ 500 ብር ሰጠችኝ። ዝርዝር ጻፊልኝ ብዬ ለመንኳት፣ እምቢ አለች። አንዴ ድንች ብቻ ገዝቼ መጣሁ፣ አንዴ ተጭበርብሬ የበሰበሰ ይዤ ገባሁ፣ እሱኑ በላን። ከዛ ከዘመድ ጋር ሱቅ ከፈትኩ 8 ወር ሳይሞላ ተዘጋ፣ እምቢ ማለት ስለማልችል ዱቤ የጠየቀኝን ሁሉ ሰጥቼ። እምቢ ማለት ለመልመድ ብቻ 3 ዓመት የፈጀብኝ ይመስለኛል። አሁን 32 ዓመቴ ነው፣ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አስረክባለሁ፣ ቤቴ ኪራይ ነው፣ ግን የምለውን የምለው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቲክቶክ ላይ በ23 ዓመቱ መኪና ይዞ የሚታየውን እያያችሁ ራሳችሁን አትርገሙ። ነገን አስቦ የሚወስነው የፊተኛው የአንጎላችን ክፍል ራሱ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ነው የሚቆየው ይላሉ አጥኚዎቹ፣ ያልጨረሳችሁት ስላላለቀ ነው እንጂ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም። ዛሬ የምትሳሳቱት ስሕተት የራሳችሁ ከሆነ እሱ ራሱ ሀብት ነው፣ እኔ ያንን ዕድሜ ለሰው ወረቀት ነው የሰጠሁት። መሄድ የግድ የሆነበት ሰው አለ፣ እሱን አልፈርድበትም፣ ቤተሰብ ሲራብ ምን ይደረጋል። ግን "ቶሎ ሰው ልሁን" ብላችሁ ብቻ ከሆነ እባካችሁ ትንሽ ቆዩ፣ እዛ የሚፈጥን ነገር የለም።

ያቺን ልጅ ቅርጪ አላልኳትም፣ የሷ ውሳኔ ነው። ዛሬ ቅዳሜ አይደል፣ ሊጥ ላይ ስለነበርኩ 1,000 ብር ሰጥቼ ገበያ ላክኋት። "ምን ልግዛ እህትዬ?" አለችኝ በር ላይ ቆማ። የታየሽን አልኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ እያለከለከች 4ኛ ፎቅ ወጣች፣ ጎመን፣ ካሮት፣ 4 ኪሎ ቲማቲም፣ ለኔ ብላ ደግሞ አንድ እሽግ ሻማ። ሽንኩርት ረስታለች። ደንግጣ ልትመለስ ስትል ያዝኳት፣ ዛሬ ያለ ሽንኩርት እንሠራለን ብዬ ቢላዋውን ሰጠኋትና ቲማቲሙን መክተፍ ጀመረች።