አፈንጋጮቹ ካህናትና የተቀደደችው ገጽ

ሰሞኑን ማታ ማታ ሞሮዊንድን እንደገና እየተጫወትኩ ነው። እ.ኤ.አ. የ2002 ጌም ነው፣ አሮጌ። ድሮ በወንድሜ ኮምፒውተር ስጫወተው ግማሹ ንግግር ስለማይገባኝ ሰይፍ ይዞ መሮጥ ብቻ ነበር ሥራዬ። አሁን ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነው። ጌሙ ደግሞ የሚነበብ ነገር ሞልቶታል። እና ያኔ ሳላስተውል ያለፍኩት ነገር ትናንት እንቅልፍ ነሳኝ።

ታሪኩ ቫርደንፌል የምትባል ደሴት ላይ ነው። መሃሏ ላይ ቀይ ተራራ የሚሉት እሳተ ገሞራ አለ። ሕዝቡ ሦስት አማልክትን ያመልካል፤ አልማሌክሲያን፣ ሶታ ሲልን እና ቪቬክን። ሦስቱም ድሮ ሰው ነበሩ። ኔሬቫር የሚባል መሪ አማካሪዎች። ተራራው ውስጥ የአንድ ጥንታዊ አምላክ ልብ አለ፣ ከልቡ ኃይል የሚቀዱበት መሣሪያም እጃቸው ገባ፤ ኔሬቫር በመሣሪያው እንዳይጠቀሙ አስማላቸው፣ እነሱም ማሉ። ከዚያ እሱ ሞተ፣ እነሱ መሐላውን አፍርሰው አማልክት ሆኑ። ቤተ መቅደሱ «ኔሬቫር በቀይ ተራራው ጦርነት ቆስሎ ነው የሞተው» ብሎ ያስተምራል። አመዳማው ምድር ላይ የሚኖሩት ዘላኖች ግን የገዛ አማካሪዎቹ ናቸው የገደሉት ይላሉ። እንዲህ ብሎ በአደባባይ የተናገረ መጨረሻው አያምርም።

በነዚህ አማልክት ላይ የተነሱት አመፀኞች ማን ናቸው ብትሉኝ፣ ካህናት ናቸው። አፈንጋጭ ካህናት። ጦር የላቸውም። ያላቸው አንድ የተደበቀ ገዳምና መጻሕፍት ነው። ሦስቱ ኃይል እንዳላቸው አይክዱም፣ «ኃይሉ ግን ከመለኮት ይልቅ ለአስማት ይቀርባል» ነው የሚሉት። ቤተ መቅደሱ ለሕዝቡ አንድ ታሪክ ይሰብካል፣ ሌላውን በምስጢር ቤተ መጻሕፍት ቆልፎ ያስቀምጣል። እሱን ነው ይውጣ የሚሉት። ሰው በማሰቃየት ሃይማኖት ማስጠበቅ ይቅር ይላሉ። በቃ፣ ጥያቄያቸው ይሄው ነው። ለዚህ ይታደናሉ።

ሜራ ሚሎ የምትባል ካህን አለች። እሷን ነው ያልረሳኋት። የምትሠራው እዛው፣ በቪቬክ ከተማ በቤተ መቅደሱ ላይብረሪ ውስጥ ነው። በየቀኑ ያንኑ ልብሰ ካህን ለብሳ፣ የማታምንበት ታሪክ በተደረደረበት መደርደሪያ መሃል ትውላለች። ክፉ ነገር ከመጣ «አማያ» በሚል ስም ማስታወሻ እተውልሻለሁ ትላለች። ተመልሼ ስሄድ የለችም። ክፍሏ ገብቼ ወረቀቱን አገኘሁ። ያሰሯት የእውነት ሚኒስቴር በሚባለው እስር ቤት ነው፤ ከሰማይ ሲወድቅ ቪቬክ በኃይሉ አየር ላይ ያቆመው ትልቅ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ከተማው አናት ላይ የተንጠለጠለ። ገበያተኛው ከሥሩ ይመላለሳል፣ አማኙ ከሥሩ ይጸልያል። ሚሎ የታሰረችው ከሁሉም ራስ በላይ ነው። ሁለት የአስማት ጥቅልል ይዤላት ገባሁና ወጣች። ገዳሟ ደግሞ ሆላማያን ትባላለች፣ በጀልባ ነው የሚኬደው፣ በሯ የሚከፈተው ሲነጋና ሲመሽ ብቻ ነው። ቀን ደርሼ ስለነበር እዛ ድንጋይ ፊት ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ጠበቅኩ። ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ማሳለፍ ይቻል ነበር። አላሳለፍኩትም። ባሕሩን እያየሁ ቆምኩ።

እዛ ቆሜ ነው ያ መዝገብ ትዝ ያለኝ።

ከዓመታት በፊት የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ስብሰባ ላይ አንድ አባል ተነስቶ፣ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የተዋጣው ገንዘብ ለምን ሙሉውን እንዳልደረሳቸው ጠየቀ። ስንት እንደተዋጣ ተናገረ፣ ስንት እንደደረሰም ተናገረ። ሁሉንም ጻፍኩት። በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ጠሩኝ። እውነቱን ለመናገር እንደ አባት የማከብራቸው ሰው ነበሩ። ቡና አስቀድተው፣ «ልጄ፣ ይቺን ገጽ እንደገና ብትጽፊያትስ? ለሰላሙ ብዬ ነው» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። በምላጭ ከሥሯ ቆረጥኳት። በምትኩ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች ተነስተው ውይይት ተደርጓል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰውየው ያንኑ ሲያነሳ መዝገቡ ተገልጦ ተነበበ። የለም። እኔን አየኝ። ጎንበስ ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ስሙ በጥባጭ ሆነ፣ ውሎ አድሮም ቀረ።

ለዚህ ነው እነዚህ ካህናት ሆዴን የሚበሉት። በአማልክት ላይ ማመፅ ሲባል ሰው የሚያስበው መብረቅና ሰይፍ ነው። እነሱ ግን ካህን እንደሆኑ ነው ያመፁት፣ ቤታቸው ስለሆነ። ቤተ መቅደሱን ባይወዱት ኖሮ ትተውት ይሄዱ ነበር እኮ፣ ማን ይይዛቸዋል? ጌሙ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ቪቬክ ራሱ ማሳደዱን ያስቆመዋል። አምላኩ መሐላው እንደፈረሰ ሁሌም ያውቅ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን እያወቀ ነው ጸሎት ሲቀበል የኖረው። እኔም እያወቅኩ ነው በየወሩ ያንን መዝገብ ስከፍት የነበረው።

ገጿን አልጣልኳትም። ከልደት ካርዴና ከትምህርት ማስረጃዎቼ ጋር በአንድ ፌስታል አለች። ዛሬ ጠዋት አወጣኋት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈች የራሴ የእጅ ጽሑፍ ናት፣ ሁለቱም ቁጥሮች አሉባት፣ የተናገረው ሁሉ አለ። ሰውየው ስልኩን ቀይሯል። አዲሱን ቁጥር ማን እንደሚያውቀው ግን አውቃለሁ።