ቀስት፣ ነፋስና 90 ኪሎ ሥጋ
ፈቃዱን ገዝቻለሁ። ዘንድሮ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ኤልክ ላድን ነው፤ ያውም በቀስት። እናቴ በስልክ ስትሰማ «እዚያ አገር ሉካንዳ የለም እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ሉካንዳማ ሞልቷል። ግን ጎረቤቴ ከሚያድነው የኤልክ ሥጋ አንዴ አቅምሶኝ ነገሩ አልለቀቀኝም።

ኤልክ ከአጋዘን ወገን ነው። ወንዱ ትከሻው ድረስ 1.5 ሜትር ይሆናል፤ ክብደቱ 300 ኪሎ ይደርሳል። የቀስት ወቅቱ እዚህ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው፤ በእኛ ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 20 መሆኑ ነው። ወንዶቹ ለሴቶቹ እየጮሁ የሚፎካከሩበት ወር ስለሆነ አዳኝ ሁሉ ይናፍቀዋል። ባለቤቴ ግን ካላንደሩን ስታይ የታያት እንቁጣጣሽ ብቻ ነው። ድርድሩ ገና አላለቀም።

ስለ ቀስት ማንም የሚነግርህ ስለ ጉልበቱ ነው። ሕጉ ቢያንስ 35 ፓውንድ የሚሳብ ቀስት ይጠይቃል፤ የእኔ 60 ነው። በቂ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ርቀቱ ነው። ፍላጻዬ በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ 40 ሜትር ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል። የገመዱ ድምፅ ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ እንስሳው ጆሮ ይገባል። በዚያች ግማሽ ሰከንድ አንድ እርምጃ ከተራመደ ለሳንባው የላክኸው ፍላጻ ሆዱን ይመታዋል። ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም፤ የሚገድለው ቆርጦ ደም በማፍሰስ ነው። ሳንባውን ካገኘው እንስሳው ሩቅ አይሄድም። ሆዱን ከሆነ ለሰዓታት ይሠቃያል፤ ላታገኘውም ትችላለህ።

ስለዚህ የራሴን ድንበር አሰመርኩ፤ 30 ሜትር። ጎኑን ሰጥቶኝ ከቆመ፣ ወይም ትንሽ ፊቱን ወደዚያ ካዞረ እለቃለሁ። ፊት ለፊት ካየኝ አልለቅም። ቀንዱ የቱንም ያህል ቢያምር 31 ሜትር ላይ ከቆመ ይሂድ። ኢንተርኔት ላይ 80 ሜትር መታን ብለው የሚፎክሩ አሉ። የስፖንጅ ዒላማ አይራመድማ!

ልምምዱም ተለውጧል። መጀመሪያ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ተረጋግቼ ነበር የምወረውረው። አሁን ዳገት ሮጬ ልቤ እየደለቀ እወረውራለሁ። ተንበርክኬ፣ ቦርሳ አዝዬ፣ የምለብሰውን ወፍራም ጃኬት ለብሼ። የጃኬት እጅጌ ገመዱን ሊነካ እንደሚችል ማወቅ ያለብኝ አሁን ነው፣ ተራራው ላይ አይደለም። ምላጭ ያለው የፍላጻ ጫፍም ከመለማመጃው ጫፍ ጋር አንድ ቦታ ላይመታ ስለሚችል ለብቻው እየሞከርኩት ነው።

ቀጥሎ ነፋስ። የኤልክን ዓይን ልታመልጥ ትችል ይሆናል፤ አፍንጫውን ግን አታታልለውም። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይፈሳል። ተዳፋቱ ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል። ሲመሽ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ በማለዳ ከሥሩ ሆኜ ሽቅብ መቅረብ አለብኝ፤ ረፋድ ላይ ያው መንገድ ጠረኔን ቀጥታ ይወስድለታል። ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ዱቄት የምትረጭ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ገዛሁ። ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ርካሿ እሷ ናት፤ ከሁሉም የምታስፈልገኝም እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ጥሪም አለ። አፍ ውስጥ ላንቃ ላይ ተለጥፎ የሴቷን ድምፅ የሚያወጣ ነገር። መኪና ውስጥ ነው የምለማመደው። ባለፈው ቀይ መብራት ላይ አጠገቤ የቆመ ሰውዬ መስኮቱን ዘጋ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከመታሁ በኋላ ያለው ነው። ከአንድ ወንድ ኤልክ 90 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ሥጋ ይወጣል። ቦታው 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ መኪና አይደርስም። ቢያንስ አራቱን እግሮች፣ ሽንጡንና ፊሌቶውን ሳያወጡ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል፤ ባያስጠይቅም ነውር ነው። በግ መግፈፍም ሆነ ብልት ማውጣት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ቢላ ይዤ ያደግሁ ሰው ነኝ። ግን 300 ኪሎ እንስሳ፣ ማንጠልጠያ በሌለበት ቁልቁለት ላይ፣ በባትሪ ብርሃን? የሴፕቴምበር ቀትር ደግሞ ይሞቃል፤ ቆዳው ቶሎ ካልወለቀ ሥጋው ይበላሻል። አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት አድርጎ ጥላ ሥር መስቀል ነው። ድብም ስላለ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ።

ጎረቤቴ የሰጠኝ ምክር አጭር ናት፦ «ተሸክመህ ከምትመለስበት በላይ ርቀህ አትምታ።» ካርታዬ ላይ ከመኪና ማቆሚያው ሁለት ማይል ከብቤ ከዚያ ውጪ ያለውን ትቼዋለሁ። እዚያ ወዲያ ጥሩ ሜዳ አለ። ይቅርብኝ።

ሌላው ዕቃ ብዙም አያስጨንቀኝም። ካርታው ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ስልኬ ላይ ተጭኗል። የሳተላይት መልእክት መላኪያ ተከራይቻለሁ፤ እሱ የባለቤቴ ቅድመ ሁኔታ ነው። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚመጣ ተራራው ጫፍ ላይ አልቆይም። የቀረኝ ቦት ጫማው ነው፤ አሁንም ተረከዜን ይልጠኛል። በዚህ ሳምንት 20 ኪሎ ሩዝ አዝዬ ዳገት ለዳገት ልመላለስበት ነው። ካልለሰለሰ አሮጌውን አድርጌ እወጣለሁ።