ሻጩን ከማናገሬ በፊት ጠጋኙን ጠየቅሁ

ቲቪ ሊገዛ ያሰበ ሰው እግሩ የሚመራው ወደ ሱቅ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ጥገና ቤት ነው። ከእህቶቼ ጋር ያዋጣነው ብር ብዙ አይደለም፤ የምንገዛውም ለእናታችን ነው። ዛሬ አምሮ ከርሞ የሚጨልም ዕቃ ገዝተን እንደገና የምናዋጣበት አቅም የለንም። ስለዚህ የትኛው ቲቪ ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ለምን እንደሚበላሽና ሲበላሽ መዳን አለመዳኑን ማወቅ ፈለግሁ። ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው በየቀኑ የተበላሸ ቲቪ የሚከፍት ሰው ነው።

ቤታችን ሐይቅ ከተማ ነው። እዚያም ቲቪ የሚሸጡ አሉ። ሰፋ ያለ ምርጫ የሚገኘው ግን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደሴ ላይ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ገባሁ። "ቲቪ ልገዛ ነው፤ መጀመሪያ አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው" አልኩት። ደስ አለው። "አብሽር ወንድሜ፣ ቁጭ በል" አለና የፈታታውን አንድ ቲቪ አሳየኝ።

ስክሪኑ ተነስቷል። ከኋላው ባለው ነጭ ሰሌዳ ላይ ቀጫጭን ዘንጎች ተደርድረዋል። በየዘንጉ ላይ ትንንሽ አምፖሎች በተርታ ተተክለዋል። እያንዳንዷ አምፖል ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆብ አላት። ከአንዷ ላይ ቆቡን ነቅሎ አሳየኝ፤ መሃሏ ጠቁሯል። ሌሎቹ ደህና ናቸው። "ይቺ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጠፋል፤ ተያይዘው ነው የሚበሩት" አለኝ። ባክላይት የሚሉት ይሄ ነው። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የጠፋ ቲቪ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። በጨለመው ስክሪን ላይ የስልክ መብራት አስጠግታችሁ ስታበሩበት ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ስክሪኑ ደህና ነው፤ የሞተው መብራቱ ብቻ ነው። ይሄ በደህና ዋጋ ይጠገናል። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀስ? "እሱ ላይ አትድከም። የስክሪኑ ዋጋ የአዲሱን ቲቪ ዋጋ ይጠጋል።"

የየትኞቹን ቲቪዎች መለዋወጫ በቀላሉ እንደሚያገኝም ጠየቅሁት። የነገረኝን ስም እዚህ አልዘረዝርም፤ ዘንድሮ ገበያ የሞላው ዕቃ ለከርሞ ላይኖር ይችላል። እናንተም በምትኖሩበት ከተማ ያለውን ጠጋኝ ጠይቁ። ታዋቂ ስም ይዞ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ካልመጣ የማይጠገን ቲቪ ለእኛ ቤት አይሆንም።

ከዚያ ቤቱን ለካሁ። ከሶፋው እስከ ግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለዚህ ርቀት 43 ኢንች ፉል ኤችዲ በቂ ነው። እህቴ 4ኬ ካልሆነ ብላ ነበር። ምስሉ የሚሠራው ከትንንሽ ነጥቦች ነው፤ 4ኬ ስክሪን ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን 43 ኢንች ላይ ከሁለት ሜትር ተኩል ርቆ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። እናቴ የምታያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም በ4ኬ አያስተላልፉም። ብሩን ለማይታይ ነገር ከምናወጣ ስክሪኑ ጥራት ላይ ብናውለው ይሻላል አልኳት፤ ተስማማች።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ነገር ልምጣ። ቤታችን ውስጥ ቲቪውን ፊት ለፊት የሚያየው ሶፋው ላይ የተቀመጠው ብቻ ነው። እናቴ ቡና ስታፈላ የምትቀመጠው በሩ ጋ ነው፤ ጭሱም ይወጣላታል፣ የመጣ ጎረቤትም ቶሎ ይታያታል። ከዚያ ቦታ ቲቪው የሚታየው ከጎን ነው። እኛ ጋ ቡና ደግሞ አንድ ስኒ ጠጥቶ መነሳት አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ሰዓት ይሄዳል፤ ከቲቪው ፊት ረጅሙን ጊዜ የምታሳልፈውም እዚያ ሆና ነው። ቲቪው የሚገዛው ለእሷ ከሆነ መመረጥ ያለበት ከእሷ መቀመጫ ታይቶ ነው።

ስክሪን ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ቪኤ የሚሉት ፊት ለፊት ሲያዩት ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ያምራል። ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይገረጣል። አይፒኤስ የሚሉት ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ ይላል፤ ከጎን ግን ቀለሙን ይጠብቃል። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። የሰው ፊት የሚታይበት ምስል ይከፈትና ወደ ግድግዳው ተጠግታችሁ ከጎን እዩት። ፊቱ አመድ ከመሰለ ተዉት። እኔ ይህን ሳላደርግ ያለፍኩት ቲቪ የለም።

ወደ ሱቅ የሄድኩት ሜትርና ፍላሽ ይዤ ነው። ፍላሹ ላይ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ምስሎች ጫንኩ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ከታየ ያ ነጥብ ሞቷል፤ አይመለስም። ጥቁሩ ላይ ጠርዝ ጠርዙን ብርሃን የሚያፈስ ካለ ማታ መብራት ስታጠፉ ያስቸግራችኋል። ሌሎቹ ቀለሞች ቦታ ቦታ የጠቆረ ጥላ ካለ ያጋልጣሉ።

ሜትሩ ደግሞ ለኢንቹ ነው። ኢንች የሚለካው ከስክሪኑ አንድ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ነው፤ ጠርዙ አይቆጠርም። 32 ኢንች 81 ሳንቲ ሜትር ነው። 43 ኢንች 109 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሱቅ 43 ብለው ያሳዩኝ ስለካው ከ102 ሳንቲ ሜትር አላለፈም። ያ 40 ኢንች ነው። ሻጩ "ያው ነው እኮ" አለኝ። ዋጋው ያው አልነበረም፤ አመስግኜ ወጣሁ።

የስም ነገርም አለ። ፊቱ ላይ የታዋቂ ድርጅት ስም ተለጥፎ ሲከፈት ሌላ ስም የሚያወጣ ቲቪ አጋጥሞኛል። ከፊቱ፣ ከጀርባው ወረቀት፣ ከካርቶኑ፣ ከሪሞቱና ሲነሳ ከሚያሳየው ስም አንዱ እንኳ ከሌሎቹ ካልገጠመ አትከራከሩ። ዝም ብላችሁ ሂዱ። "4ኬ" የሚለው ጽሑፍም ማስተዋል ይፈልጋል። አንዳንዱ ላይ የ4ኬ ቪዲዮ ተቀብሎ ያጫውታል ማለት ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ራሱ ከፉል ኤችዲም ያነሰ ነጥብ ያለው ኤችዲ ሊሆን ይችላል።

ሻጮች ቲቪውን የሚያሳዩት የራሱን የማሳያ ቪዲዮ ከፍተው ነው። አበባ፣ ባሕር፣ ፍራፍሬ። እሱ በየትኛውም ስክሪን ያምራል። እኔ ዜና እንዲከፍቱልኝ ነበር የምጠይቀው። ዜና ላይ የአንባቢው ፊትና ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ እውነቱን ይናገራሉ። ድምፁንም ያኔ ነው የምታውቁት። ስስ ቲቪ ስፒከሩ ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው የሚያሰማው። ሙዚቃ ይሸፍንለታል፤ የሰው ንግግር አይሸፍንለትም። የእናቴ ጆሮ እንደ ድሮው አይደለም፤ ስለዚህ ንግግሩ ጥርት ብሎ ካልተሰማኝ ወደሚቀጥለው አልፍ ነበር።

"ሪሲቨር ውስጡ አለው" ሲሏችሁ ደግሞ ጀርባውን በጣታችሁ ዳብሱ። የአገራችን ጣቢያዎች አብዛኞቹ የሚተላለፉት በኢትዮሳት ነው፤ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ሳተላይት በዲሽ ነው የሚያዙት። ለዚያ የሚያስፈልገው ኤስ2 የሚባለው መቀበያ ነው። ቲ2 የሚባለው ለአንቴና ነው፤ ዲሽ አይቀበልም። የዲሽ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ ጥርስ አለው፤ ገመዱ እየተጠመዘዘ ነው የሚታሰረው። የአንቴናው ልሙጥ ነው። ልሙጡ ብቻ ካለ ሪሲቨር ለብቻው መግዛታችሁ ነው። ሱቁ ዲሽ ካለው ገመዱን ሰክተው ጣቢያ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።

ስማርት፣ ማለትም ራሱ ኢንተርኔት ገብቶ እንደ ዩቲዩብ ያለውን የሚከፍት፣ ይሁን አይሁን የሚለው ብዙ አከራክሮናል። እኔ ስማርት አያስፈልገንም አልኩ፤ አሁንም ሐሳቤ አልተለወጠም። በርካሽ ስማርት ቲቪ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ደካማ ነው። አንድ ጊጋ ራም (የመሥሪያ ማስታወሻ) ብቻ ይዞ ዛሬ የሚከፍተውን ከጥቂት ዓመት በኋላ ሊያቅተው ይችላል። ስክሪኑ ግን ገና ደህና ነው። አንድሮይድ በሚባለው የጉግል ሥርዓት ይሠራል የተባለውም ሁሉ የጉግል ፈቃድ ያለው አይደለም፤ ፈቃድ የሌለው ላይ አንዳንድ መተግበሪያዎች በደንብ አይሠሩም። ኢንተርኔቱም የምንከፍለው በሞባይል ዳታ ነው። አንድ ሰዓት ዩቲዩብ በጥሩ ጥራት ማየት አንድ ጊጋና ከዚያም በላይ ሊበላ ይችላል። ከሌላ ዕቃ ምስልና ድምፅ የሚቀበል ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ግን ብር ሲገኝ ስማርት የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን ገዝቶ መሰካት ይቻላል። ሳጥኑ ሲያረጅ ሳጥኑ ብቻ ይቀየራል። እናንተ ቤት ዋይፋይ ካለና ልጆቹ የሚማሩበት ከሆነ ስሌታችሁ ሌላ ነው።

በመጨረሻ የገዛሁት 43 ኢንች ፉል ኤችዲ፣ ስማርት ያልሆነ፣ ኤስ2 ያለው፣ ደብል ግላስ ነው። ደብል ግላስ ማለት ከስክሪኑ ፊት ጠንካራ መስታወት አለው። ያከብደዋል፤ ብርሃንም ያንጸባርቃል። ነገር ግን የእህቴ ልጆች ቤት ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፤ የተሰነጠቀ ስክሪን መድኃኒት እንደሌለው ጠጋኙ ነግሮኛል። ነጸብራቁን ቲቪውን ከበሩ ትይዩ ባለማስቀመጥ ተወጣነው። ዋጋውን አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሳይቆይ ይቀያየራል፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል።

የሸጠልኝ ልጅ ሳልጠይቀው ከመጋዘን አዲስ ካርቶን አውጥቶ ከፈተልኝ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የምትፈትሹት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሳይሆን ይዛችሁ የምትሄዱትን ይሁን።

ከደሴ ሐይቅ በሚኒባስ ነው ያመጣሁት። ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ እንጫነው አለኝ፤ እምቢ አልኩ። የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሬ ከጎኔ አቆምኩት። ቲቪ አይተኛም። ከተኛ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ስክሪኑ መሃሉ ላይ ይጎብጣል፤ ስንጥቁም እዚያ ይጀምራል።

ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው አስበን ነበር። ቤታችን የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ቡሎኑ ጭቃው ውስጥ ብቻ ከቀረ ክብደቱን አይችልም። ወይ ቋሚውን እንጨት ፈልጎ እዚያ ላይ ማሰር ነው፤ ወይ ጠረጴዛ። ጠረጴዛ መረጥን። የቲቪው እግሮች ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ስለሆኑ የድሮዋ ጠረጴዛችን አልበቃችውም፤ አናጺ ረዘም ያለ ሠራልን። ስትገዙ በእግሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ተመለሱ።

ቤት እንደገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ብርሃኑን መቀነስ ነው። ከሱቅ የሚወጣ ቲቪ ደምቆ እንዲታይ ብርሃኑ እስከ ጥግ ይከፈታል። ያ የጠቆረችው አምፖል የምትሞተው በሙቀት ነው። ሜኑው ውስጥ "ባክላይት" የሚለውን ፈልጋችሁ ወደ ግማሽ አውርዱት። "ብራይትነስ" የሚለው ብዙ ቲቪ ላይ የምስሉን ጥቁረት ነው የሚቀይረው፤ አምፖሎቹን አይነካም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ለዚህ ጋርድ ገዛን፤ ኃይሉ ከልክ ሲወጣ ያቋርጣል፣ ሲመለስም ትንሽ ጠብቆ ነው የሚለቀው። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ግን ጋርዱም አይበቃም። ሶኬቱን ነቅላችሁ የዲሹን ገመድ ከተዋችሁት መብረቁ በዲሹ ይገባል። ሁለቱንም ንቀሉ፤ ዳመናው ሳይደርስ።

ዋስትናውንም አንብቡት። የኛው የአንድ ዓመት ነው፤ በመብረቅ፣ በኃይል መዋዠቅና በመሰበር የመጣ ጉዳትን አይሸፍንም። ደረሰኙ ላይ የቲቪውን መለያ ቁጥር አስጽፈን ማኅተም አስመትተን ከካርቶኑ ጋር አስቀምጠነዋል።