ካሜራዬ የእማማን ጓሮ ሲያይ ነው የከረመው

የባጃጄ ባትሪ ሁለቴ ከግቢ ተሰረቀ። በሁለተኛው ተናድጄ ብዙም ሳላስብ ካሜራ አስገጠምኩ። አራት ካሜራ፣ አንድ መቅጃ፣ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስክ። የገጠመው ልጅ አፑን ስልኬ ላይ ጭኖ "በቃ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ሆነህም ታየዋለህ" ብሎኝ ሄደ።

ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ማታ ከጣና በኩል የሚመጣው ትንኝ ካሜራው ላይ ይሰፍርና፣ ካሜራው ደግሞ ሰው የመጣ እየመሰለው ስልኬን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጮኸው ያድራል። ሳምንት ሙሉ ሌባ ሳይሆን ትንኝ ስጠብቅ አደርኩ። ከዚያ ማስጠንቀቂያውን ዘግቼ ረሳሁት።

ከወር በኋላ ጎረቤቴ እማማ ቡና ጠሩኝ። ሁለተኛው ሲቀዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ያ ቀይ ዓይን ማታ ማታ እኔን ነው የሚያየው?" አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ካሜራው ከተሰቀለ ወዲህ ጓሮ ወጥተው ፀጉራቸውን ታጥበው አያውቁም።

ቀዩ ነገር ካሜራው በጨለማ እንዲያይ የሚበራው ኢንፍራሬድ ነው፣ ብዬ ላስረዳ ጀምሬ ተውኩት። እቤት ገብቼ አፑን ስከፍት፣ የሦስተኛው ካሜራ ምስል ግማሹ የኔ ቆርቆሮ አጥር፣ ግማሹ የሳቸው ጓሮ። የልብስ ማስጫው ገመድ፣ ሰማያዊው ባልዲ፣ የሽንት ቤቱ በር ሳይቀር። ስልኬ ይጠለፋል እያልኩ የላፕቶፔን ካሜራ በፕላስተር የሸፈንኩት ሰውዬ ይኸው!

ላስተካክል ስገባ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። የመቅጃው ፓስወርድ ከአንድ እስከ ስድስት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው እንዲህ ያሉ የፋብሪካ ፓስወርዶችን እየሞከረ ነበር። የባሰው ግን መቅጃው የተመዘገበው በገጠመው ልጅ አካውንት መሆኑ ነው። ባለቤቱ እሱ፣ እኔ እሱ ሼር ያደረገኝ ሰው። ደወልኩለት። "ሲበላሽ ከቤቴ ሆኜ እንዳየው ብዬ ነው፣ ለሁሉም ደንበኛ እንደዚሁ ነው" አለኝ። ክፋት ያለው ልጅ አይመስለኝም፤ ግን ስልኩ ውስጥ የስንት ሰው ግቢ እንዳለ አስቡት።

መጀመሪያ እሱ ከአካውንቱ እንዲያጠፋው አደረግኩ፤ ያ ሳይሆን በኔ አካውንት አልመዘገብ ብሎኝ ነበር። ከዚያ መቅጃው ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ በራሴ ስልክ አስነብቤ፣ ፓስወርዱን ቀየርኩ። ድምፅ መቅጃውን አጠፋሁ፣ ምክንያቱም እማማ አጥር ስር ቆመው በስልክ ያወሩት ሁሉ ይገባ ነበር። የድሮውን ቅጂ ደመሰስኩ፤ አሁን የሚቆየው የ7 ቀን ብቻ ነው። መሰላል ወጥቼ ካሜራውን ወደ ታች ባዞረውም ጓሯቸው ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ሴቲንጉ ውስጥ ግን የምስሉን አንድ ክፍል በጥቁር ሳጥን የሚሸፍን ነገር አለ፣ የተሸፈነው ቦታ በቀጥታም አይታይ፣ አይቀረጽም። ለዚህ ገንዘብ አይከፈልም፤ ሲገጠም ብጠይቅ ኖሮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26ም አነበብኩት። የግል ሕይወት መከበርን መንግሥት ብቻ የሚጥሰው ይመስለኝ ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም የሰማሁት ያኔ ነው።

ስልኬን ይዤ እማማ ጋ ሄድኩ። ጥቁሩን ሳጥን ትኩር ብለው አዩትና "እኔ እዚህ ውስጥ ነኝ?" አሉ። አዎ አልኳቸው። አላመኑኝም። "ቆይ፣ አንተ እያየህ ጠብቅ" ብለው ወደ ጓሮ ዞሩ።

"ታየሁ?"

"የነጠላዎ ጫፍ ብቻ።"

ሳጥኑን ትንሽ አሰፋሁት።

"አሁንስ?"