የበረዶ መጥረጊያ ማሽን ዘይት አቀያየር

ሞተሩን 5 ደቂቃ ያህል አስነሥታችሁ አጥፉት፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ሞተሩ ሳይታሰብ ቢነሣ ግን እጅ አይተርፍም። የማፍሰሻውን ቡሎን ፍቱ፣ ማሽኑን ወደዚያው ጎን ትንሽ አዘንብሉት፣ ሲንጠፈጠፍ መልሳችሁ እሰሩ።

አዲሱ ዘይት 5ደብሊው-30 (5W-30፣ ለብርድ የሚስማማ የዘይት ውፍረት ደረጃ) ይሁን። ኤስኤኢ 30 የሞቃት ወቅት ዘይት ነው፤ በብርድ እንደ ማር ይወፍርና የማስነሻው ገመድ አልሳብ ይላል። 200 ሲሲ ገደማ የሆነ ሞተር በአብዛኛው የሚፈልገው 0.6 ሊትር አካባቢ ስለሆነ፣ የ1 ሊትሩን ጠርሙስ ሙሉውን አትገልብጡት። የበዛው ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወደ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ወደሚቀላቅለው ክፍል) ይሄዳል፤ ጭስ ይበዛል፣ ካንዴላውም ይበላሻል። ማሽኑን ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ በመለኪያው ዘንግ እያያችሁ ጨምሩ። አዲስ ማሽን ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሪ ብዙ ጊዜ ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ ነው።