ከጄምስ በፊት

ዛሬ ልጄ አስጎብኚያችንን የጠየቃት ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1607 በሰፈሩበት፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው በጄምስታውን ቆመን ነበር።

ምሽጋቸውን በአጠገቡ የሚያልፈው የጄምስ ወንዝ ጠራርጎ ወስዶታል ተብሎ ለረጅም ዘመን ሲታመን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1994 ቁፋሮ የጀመሩት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ግን አሻራውን አገኙት። አስጎብኚዋ ፎቶግራፉን አሳየችን፦ በፈዛዛው አፈር ላይ በተርታ የተሰደሩ ጥቁር ክቦች። የአጥሩ ግንዶች በስብሰው አልቀዋል፤ እያንዳንዱ ግንድ የቆመበት ቦታ ግን ጠቁሮ ቀርቷል። ጣቴን ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው እያሻገርሁ ብዙ ቆየሁ።

ልጄ ዓይኑ ወንዙ ላይ ነበር። «ጄምስ ከመባሉ በፊት ስሙ ማን ነበር?» አላት።

«ፓውሃታን» አለችው።

ስንት ዓመት በዚህ ወንዝ ድልድይ ላይ ተመላልሻለሁ! እንግሊዞቹ የንጉሣቸውን ስም ሲሰጡት፣ የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት የፓውሃታን ሰዎች በዳርቻው በቆሎ ይዘሩ ነበር። ያንን በቆሎ ባያገኙ ሰፋሪዎቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በረኃብ ባለቁ ነበር። የበሰበሰ ግንድ እንኳ በአፈሩ ላይ ምልክቱን ትቷል፤ ሰዎቹ ለወንዙ የሰጡት ስም ግን ከካርታው ላይ ተፋቀ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፤ ከፓውሃታን ነገዶች አንዱ የሆኑት ፓሙንኪዎች ዛሬም እዚያው ቨርጂኒያ በመሬታቸው ላይ ይኖራሉ።

ማታ ሪችመንድ ላይ ድልድዩን ስንሻገር ልጄ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውኃው «ፓውሃታን!» ብሎ ተጣራ።